ቡናው የዋጋ ወለል አለው፤ ለቃሚዋስ?

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። የሰጠኝ የድሮ የመጋዘን ባልደረባዬ ነው። «አንብበውና ደምህ ይፍላ» አለኝ። አነበብኩት። ፈላ። ሐቁን ለመናገር ግን ጸሐፊው እንዲሁ አፋቸው እንዳመጣላቸው የጻፉ ሰው አይደሉም። የምስማማበትም ነገር አላቸው። ስለዚህ ስሜቴ በረድ እስኪል ሁለት ቀን ቆየሁና ነጥብ በነጥብ ልመልስላቸው ተቀመጥኩ።

ላላነበበው ሰው ሐሳባቸው ባጭሩ ይሄ ነው። ኢትዮጵያ ድሃ ናት። ለዓለም ገበያ ከምታቀርበው ሁሉ ትልቁ ርካሽ ጉልበት ነው። ስለ ደመወዝ ወለል፣ ስለ ሠራተኛ ማኅበር፣ ስለ ዕረፍት ማውራት ባለሀብት ማባረር ነው። ያደጉት አገሮችም መጀመሪያ ሀብት አፈሩ፣ መብት በኋላ መጣ። ሕጉ እንደሆነ አለ፤ የጠፋው የሠራተኛው ዲሲፕሊን ነው። እንደ ጅማ ባለ የቡና አገር ደግሞ ነገሩ ሁሉ በመተዋወቅና በባህል ስለሚሄድ የሠራተኛ መብት የሚባለው ከውጭ የመጣ ወሬ ነው። ፈረንጆቹም መብት መብት የሚሉት ገበያቸውን ሊዘጉብን ፈልገው ነው።

እኔ የጅማው የሄርማታ ሰፈር ልጅ ነኝ። ኢኮኖሚስት አይደለሁም። አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ግን ሁለት ወቅት የለቃሚዎችን፣ መጥፎውን ፍሬ ከጥሩው የሚለዩትን ሴቶች ማለቴ ነው፣ መዝገብ ይዣለሁ። ስማቸውን፣ የጨረሱትን ኬሻ፣ የሚከፈላቸውን ብር የምጽፈው እኔ ነበርኩ። የሚቆረጥባቸውንም የምጽፈው እኔው ነበርኩ። ይሄን አስቀድሜ የምናገረው ንጹሕ መስዬ እንዳልቀርብ ነው።

ርካሽ ጉልበት ጸጋችን ነው ስለሚለው

ከዚህ ልጀምር። የጽሑፉ ማገር ይሄ ነውና።

በ2019 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ አንድ የንግድና የሰብዓዊ መብት ማዕከል ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጥናት አውጥቶ ነበር። እዚያ ያሉት የልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነው ይላል። በጊዜው ምንዛሪ 750 ብር ገደማ። ልብስ ሰፍተው ወደ ውጭ ከሚልኩ አገሮች ሁሉ የመጨረሻው ዝቅተኛ። በዚያው ጥናት የባንግላዴሽ 95 ዶላር፣ የኬንያ 207 ዶላር ነበር። እንደ ጸሐፊው ሒሳብ ቢሆን የዓለም ልብስ ሰፊ ድርጅት ሁሉ ዳካንና ናይሮቢን ጥሎ ሐዋሳ በር ላይ መሰለፍ ነበረበት።

አልተሰለፈም። ከገጠር የመጣችው ልጅ በ750 ብር ቤት ተከራይታ፣ በልታ መኖር አቃታት። ከብዙ ሰው ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ ሞከረች። አልሆነም። ትታ ሄደች። ፋብሪካው ሌላ ልጅ አመጣና ማሽን ላይ መቀመጥ ከሀ ጀምሮ አስተማረ። እሷም ሄደች። ያው ጥናት የደረሰበት ይሄንኑ ነው። ደመወዙ ዝቅ በማለቱ ሠራተኛው አይቆይም፤ ሠራተኛው ስለማይቆይ ምርታማነቱ አይነሳም። ርካሽ ነው የተባለው ጉልበት ለባለቤቱም ውድ ሆነበት።

ቀጥሎ የሆነውንም አንርሳ። በሐዋሳ ስሙ ትልቅ የነበረው የአሜሪካው የልብስ ድርጅት ፒቪኤች በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጥሎ እንደሚወጣ አሳወቀ። ከወር ተኩል በኋላ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ ከሚገባበት ዕድል፣ ሰረዘች። ከቀረጥ ነፃ የሚገባው ልብስ ቀረጥ ተጣለበት። ሺዎች ሥራ አጡ። ሰበቡ ጦርነትና ፖለቲካ ነበር። ማንም ሰፊ ደመወዝ ጨምሩልኝ ብላ ያባረረችው ባለሀብት አልነበረም። ጸሐፊው ግን ይሄን ሁሉ ዘለው፣ ገና ያልተጠየቀ ጭማሪ ባለሀብት ያባርራል ብለው ይሰጋሉ።

አሁን ወደ ምንዛሪው ልምጣ፤ እኔን በጣም ያስገረመኝ እሱ ነውና። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ 120ን አለፈ። አንዲት ሠራተኛ በወር 3,000 ብር ታገኛለች እንበል። ለውጭ ባለሀብቱ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ 52 ዶላር ነበር የምታስወጣው። ታኅሣሥ ላይ 25። ማንም ሳይደራደር፣ ማንም ሳይፈርም፣ ጉልበቷ በዶላር ሲቆጠር በግማሽ ወረደ። ዘይቱ ግን አልወረደም። የቤት ኪራዩም አልወረደም። ጸሐፊው ርካሽ ጉልበት ነበር የፈለጉት፤ ይኸው ረከሰ። ታዲያ ባለሀብቱ ለምን ጎርፎ አልመጣም?

መልሱን ከጅማ ሆኖ ማየት አይከብድም። የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. ሲመረቅ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። እዚህ የሚመጣ ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው መብራት በቀን ስንት ጊዜ ይጠፋል፣ ዶላር ባንክ አገኛለሁ ወይ፣ መንገዱ ሰላም ነው ወይ ብሎ ነው። ከጅማ ጅቡቲ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከልጅቷ ደመወዝ ላይ መቶ ብር ብትቀንስ ይሄ መንገድ አያጥርም።

ባንግላዴሽ ጸሐፊው በምሳሌነት ያነሷት አገር ናት። ጥሩ፤ እንያት። የልብስ ሰፊዎች ዝቅተኛ ደመወዝ በ2013 እ.ኤ.አ. 5,300 ታካ ሆነ። በ2018 8,000። በ2023 12,500። ሰፊዎቹ ይሄም አይበቃንም ብለው አደባባይ ወጥተዋል፤ እውነታቸውንም ነው። ግን በእነዚህ ዓመታት የልብስ ኤክስፖርቷ ጠፋ? ወደ እጥፍ ተጠጋ እንጂ።

ደመወዝ ያለ ልክ ቢሰቀል ማንም አይሄድም እያልኩ አይደለም። ይሄድ ይሆናል። ግን ጸሐፊው የሚያስፈራሩን ጣሪያ እንዳይነካ ነው። እኛ ያለነው ገና ምድር ቤት።

መጀመሪያ ሀብት፣ በኋላ መብት ስለሚለው

ይሄን ቶሎ ልለፈው። እንግሊዝ ከ9 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እንዳይሠሩ በሕግ የከለከለችው በ1833 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ የኤሌክትሪክ መብራት እንኳ አልነበራትም። እስክንበለጽግ እንጠብቅ ብላ አልጠበቀችም።

ጸሐፊው የሚያደንቋት ደቡብ ኮሪያም አለች። ሶል ከተማ ውስጥ ቾን ቴ-ኢል የሚባል የ22 ዓመት ልብስ ቆራጭ ነበር። ኅዳር 13 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. የአገሩን የሠራተኛ ሕግ መጽሐፍ ይዞ አደባባይ ላይ ራሱን አቃጠለ። ሕጉ ከወጣ 17 ዓመት ሆኖት ነበር። የሚያከብረው ስላልነበረ ነው። በ1987 የኮሪያ ፋብሪካዎች በአድማ ተናወጡ። የደመወዝ ወለሉ በ1988 ሥራ ላይ ዋለ። እሺ፣ መብት በኋላ መጣ እንበል። በእግሩ ግን አልመጣም።

የራሳችንም ታሪክ አለ። ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን የተቀላቀለችው በ1923 እ.ኤ.አ. ነው። በ1955 ዓ.ም. የሠራተኞች ኮንፌዴሬሽን ተቋቋመ። በዚያው ዓመት መንግሥት የመደራጀትና በጋራ የመደራደር መብትን የሚመለከቱትን ሁለቱን ስምምነቶች፣ ቁጥር 87ን እና ቁጥር 98ን ተቀበለ። በጃንሆይ ጊዜ ያልከበደን ነገር ዛሬ ለምን እንደሚከብደን ጸሐፊው ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ሕጉ አለ፤ ችግሩ ሠራተኛው ነው ስለሚለው

ሕጉ አለ። እዚህ ላይ ልክ ናቸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የመደራጀትን፣ ሥራ የማቆምን፣ የዕረፍትን፣ ጤናማ የሥራ ቦታ የማግኘትን መብት ይዘረዝራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሥራ ሰዓቱን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ያደርገዋል። የትርፍ ሰዓት ሥራ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው። ጥሩ ሕግ ነው። እኔ ራሴ ያነበብኩት መጋዘኑን ከለቀቅኩ በኋላ መሆኑ ነው የሚያሳፍረኝ።

አንድ ነገር ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። የሥራ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት አለበት ይላል። ምን ሥራ እንደሆነ፣ ስንት እንደሚከፈል፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ። ሁለት ወቅት ሙሉ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ጻፍ ያለኝ የለም። እኔም አልጠየቅኩም። የኔ መዝገብ ላይ የሴቶቹ ስም ራሱ ግማሽ ነበር። ከድጃ ሁለት፣ ከድጃ ቀይዋ፣ የአልማዝ እህት። አንዷ ብትከሰን በምን ስሟ ትከሰን ነበር?

ስለ ደመወዝ ወለልም አዋጁ ያለው ወለሉን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ነው። ዓመታት ሄዱ። ለግሉ ዘርፍ ሠራተኛ እስከዛሬ የተቆረጠ ወለል የለም። መንግሥት ለራሱ ሠራተኛ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛውን ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር አድርጓል። ስለዚህ ወለል መቁረጥ የማይቻል ነገር አይደለም። ለማን የሚለው ነው የቀረው።

ዲሲፕሊን የሚሉት ደግሞ... ወንድሜ፣ ይሄን ጅማ መጥተው ባይሉ ይሻላል። እዚህ ሰነፍ ናት፣ ትቀራለች፣ ሁለት ወር አትቆይም የተባለችው ልጅ ናት ፓስፖርት አውጥታ ሪያድ ወይም ቤይሩት የምትሄደው። እዚያ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ትሠራለች። ለእናቷ ቆርቆሮ ቤት ታሠራለች። ፀባይዋ አውሮፕላን ላይ አልተለወጠም። እዚያም ቢሆን ከለላ የላትም፤ በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችንን ስትመልስ ብዙዎቹ ፌስታል ይዘው ነው ቦሌ የወረዱት። ይሄን እያወቀች ነው የምትሄደው። ሰው ይሄን እያወቀ ከሄደ፣ የሚሸሸው ነገር ምን ቢሆን ነው ብሎ መጠየቅ ነበር።

ጅማ የባህል አገር ናት ስለሚለው

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። ረዘም ይላል።

ጸሐፊው ቡና ቤተሰብ ነው ይላሉ። ገበሬውና ለቃሚው ይተዋወቃሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ ዳዶና ደቦ አለ። በዚህ መሐል ሕግ ሲገባ ፍቅሩ ይበላሻል ይላሉ። ዳዶ እውነት ነው። አያቴ ማና ወረዳ ውስጥ በዳዶ አርሷል። ግን ዳዶ ማለት ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለእኔ ማለት ነው። ሁለቱም መሬት አላቸው። ከዳውሮ፣ ከከምባታ፣ ከወላይታ ለማሳ ለቀማ የሚመጣው ልጅ መሬት የለውም። ነገ ገበሬው ሄዶ አያርስለትም። በኪሎ ይከፈለዋል፤ ያውም ሚዛኑን ማንበብ በማይችልበት ቦታ ቆሞ። ይሄ ደቦ ከሆነ እኔ ደቦ አላውቅም።

ለገበሬው ግን ልከራከርለት። ግማሽ ሄክታር ቡና ያለው የጎማ ገበሬ ከላኪው ጋር እኩል «አሠሪ» ሊባል አይገባውም። እሱ ራሱ በሰው ዋጋ ነው የሚኖረው። በ2001 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ገበያ ላይ አንድ ፓውንድ አረቢካ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። በአገራችን ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ ብዙ ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ያው ፓውንድ ከ4 ዶላር አለፈ። አንድ ሰው በዕድሜው ሁለቱንም አየ። ዋጋውን የሚያወጣና የሚያወርደውን እጅ ግን አይቶት አያውቅም። ለዚህ ገበሬ የፋብሪካ ሕግ እንዳለ ይጫንበት ብል ጸሐፊው ቢቆጡኝ አይፈረድባቸውም።

ዓለም ገበያ ግን እሳቸው እንደሚሉት ዝናብ አይደለም። በ1962 እ.ኤ.አ. አምራችና ገዢ አገሮች ተስማምተው የቡና ስምምነት ፈርመው ነበር። እያንዳንዱ አገር ምን ያህል እንደሚልክ በኮታ ይወሰን ነበር። ዋጋውም ያን ያህል አይዋዥቅም ነበር። ኮታው በሐምሌ 1989 እ.ኤ.አ. ፈረሰ። ሳይስማሙ ቀሩና ፈረሰ። በወራት ውስጥ ዋጋው በግማሽ ገደማ ወደቀ። ሰዎች ቁጭ ብለው የሠሩት ነበር፤ ሰዎች ናቸው ያፈረሱት። ስለዚህ ዓለም ገበያ አይፈቅድም ሲባል ማን ነው የማይፈቅደው ብዬ እጠይቃለሁ።

አሁን ወደ መጋዘኔ እንመለስ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሴቶቹ ይገባሉ። ሻሽ አፋቸው ላይ ያስራሉ፤ አቧራው አያስተነፍስም። ቡናው ይፈሳል። ጥቁሯን፣ የተበላችዋን፣ የተሰበረችዋን በጣታቸው ይለያሉ። ክፍያው በኬሻ ነው። አለቃችን ስልክ አላቸው። ኒውዮርክ ትንሽ ስታዘቅዝቅ ከአዲስ አበባ ይደወላል። በማግስቱ ጠዋት የኬሻው ክፍያ ይቀነሳል። «ገበያው ነው፣ ምን ላድርግ» ይላሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ ሲያወሩ ያሳዝናሉ። ዋጋው ሲወጣ ግን ያ ስልክ አይጮህም። ፈረሱላው በጨመረበት ሳምንት የኬሻውን ክፍያ ከፍ አድርጌ እንድጽፍ የተነገረኝ ቀን አንድም የለም።

ታዲያ አንድ ቀን ደሞዝ ስከፍል ሐሳብ ውስጥ ገባሁ። ይሄ ቡና ከእዚህ እስከ ሐምቡርግ ሲሄድ ማን ምን ውል አለው? እዚያ ያለው ቡና ቆዪ ድርጅት ዋጋ ቢለዋወጥ እንዳይከስር በዓለም የቡና ገበያ ላይ አስቀድሞ ይዋዋላል። ላኪው በፓውንድ ስንት ሳንቲም ብሎ የተፈረመ፣ የተመዘገበ ውል አለው። ባንኩ መያዣ አለው። መኪናው ኢንሹራንስ አለው። ኬሻው ራሱ ኢንሹራንስ አለው። በዚህ ሁሉ ሰንሰለት ውስጥ ወረቀት የሌላት እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ ገበያው በተነቃነቀ ቁጥር ድንጋጤው ሁሉንም እያለፈ እሷ ላይ ይደርሳል። ሌላው ሁሉ በውሉ ተከልሏላ!

ይባስ ብሎ ቡናው የዋጋ ወለል አለው። ቀልድ አይደለም። የቡናና ሻይ ባለሥልጣን ዝቅተኛ የኤክስፖርት ዋጋ ያወጣል። ላኪ ከዚያ በታች ውል መፈረም አይፈቀድለትም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ላኪዎች እርስ በርስ እየተሻሙ ዋጋ ሲሰብሩ አገር ዶላር ታጣለች። ላኪዎች ያጉረመርማሉ፣ ወለሉ ግን አለ። እንግዲህ ጸሐፊው ይንገሩኝ። ላኪ ለላኪ እየተሻማ የቡናውን ዋጋ እንዳይሰብር ወለል ካስፈለገ፣ ሥራ ያጣች ሴት ሥራ ካጣች ሴት ጋር እየተሻማች የጣቷን ዋጋ እንዳትሰብር ለምን አያስፈልግም? ነፃ ገበያ ከሆነ ለሁለቱም ነፃ ይሁን። ካልሆነም ለሁለቱም ወለል ይኑር።

ምን ይደረግ ለሚለኝ፣ የምጠይቀው ፋብሪካ የሚዘጋ ነገር አይደለም። ያቺ የ15 ቀን ደብዳቤ ትጻፍ። ሚዛኑ ለቃሚው በሚያየው በኩል ይዙር። የኬሻው ክፍያ ወቅቱ ሲጀመር ይቆረጥና እስከ ወቅቱ መጨረሻ አይነካ። ላኪው ከገዢው ጋር የሚያደርገው እኮ ይሄንኑ ነው። መደራጀትንም ሕጉ አይከለክልም። 10 ሠራተኛ ባለበት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ከ10 በታች የሆኑ ደግሞ ከተለያየ ቦታ ተሰባስበው ጠቅላላ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። እኛ መጋዘን ብቻ ከዚያ በላይ ሴቶች ነበሩ። ለወቅት ሥራ ማኅበር አይያዝም የሚል ሰው አለ፤ ከባድ መሆኑ እውነት ነው። ግን እነዚያው ሴቶች ዕቁብ ይጥላሉ። ዕድርም አላቸው። ዘንድሮ የለቀመችው አብዛኛዋ ለሚቀጥለውም ትመጣለች። የመደራጀት ባህል የላቸውም የሚል ሰው ጅማ ውስጥ ለቅሶ ደርሶ አያውቅም ማለት ነው።

የፈረንጆቹ ጣጣ ነው ስለሚለው

ይሄ ነጥባቸው ላይ በግማሽ እስማማለሁ። የውጭ ገዢ መብት የሚለው ሁልጊዜ ለእኛ አዝኖ አይደለም። አውሮፓ ኅብረት ደን ተጨፍጭፎ የተመረተ ቡና አይገባም የሚል ሕግ በ2023 እ.ኤ.አ. አውጥቷል። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን እየተራዘመ ነው እንጂ አልቀረም። ገበሬው የእያንዳንዱን ማሳ መገኛ ማስመዝገብ አለበት። ወጪው በማን ላይ እንደሚያርፍ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ግን ያው ሕግ ውስጥ አንድ ነገር አለ። ምርቱ የአምራቹን አገር የሠራተኛ ሕግ አክብሮ የተመረተ ይሁን ይላል። የእኛኑ ሕግ ማለት ነው። ፈረንጁ የራሱን ሕግ አልጫነብንም፤ አዲስ አበባ ያወጣችሁትን አክብሩ ነው ያለን። ይሄን ጫና ማለት ትንሽ ያሳፍራል።

የምስማማበት ግማሽ የሠራተኛ አያያዝ ታይቶ ስለሚሰጠው ሰርተፊኬት ነው። ጸሐፊው ኦዲት የሚባለው ቲያትር ነው ይላሉ። አዎ። ሚያዝያ 24 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ዳካ አጠገብ ራና ፕላዛ ሲደረመስ ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ። ሕንጻው ላይ ስንጥቅ የታየው ከአንድ ቀን በፊት ነበር። ሠራተኞቹ አንገባም ብለው ነበር፤ ግቡ ተባሉ። እዚያ ሕንጻ ውስጥ ከነበሩት ፋብሪካዎች መካከል ቀደም ብሎ ኦዲተር የጎበኛቸው ነበሩ። ወረቀት ነበራቸው። ያልነበራቸው አንገባም ካሉ በኋላ ከጎናቸው የሚቆም ማኅበር ነው። ከአደጋው በኋላ የተፈረመው የእሳትና የሕንጻ ደኅንነት ስምምነት ከኦዲቱ የተለየውም በዚህ ነው። ብራንዶቹና የሠራተኛ ማኅበራቱ አብረው ፈረሙት፤ ብራንድ ቃሉን ቢያጥፍ የሚከሰስበት ውል ሆነ። ጸሐፊው ኦዲቱ ቲያትር ስለሆነ መብቱን እንተወው ይላሉ። እኔ ደግሞ ቲያትሩን ትተን ማኅበሩን እንያዝ እላለሁ።

ቲያትሩን ከውስጥ አይቼዋለሁ። አንድ ሰሞን ለሰርተፊኬት የሚያይ ፈረንጅ ይመጣል ተባለ። ቀኑ ከሳምንት በፊት ነው የተነገረን። ዋዜማውን ከአዲስ አበባ ሁለት ካርቶን መጣ፤ ሰማያዊ ጋወንና ማስክ። ጠዋት ቆጥሬ ያከፋፈልኩት እኔ ነኝ። ሴቶቹ ተያይተው ተሳሳቁ። አንዷ ማስኩን አገጯ ስር አድርጋ «ዶክተር ሆንኩ» አለች። ፈረንጁ መጣ፣ ዞረ፣ ፎቶ አነሳ፣ ቡና ጠጣ፣ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ካርቶኑን ይዤ ዞርኩ። እያንዳንዷ አጣጥፋ አስረከበች። አንድም አልጎደለም። ካርቶኑን አሽጌ ስቆልፍ ዶክተሯ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ሻሿን መልሳ አፏ ላይ አስራለች።

«ወንድም ጋሼ» አለችኝ፣ «ፈረንጁ የሚመለሰው መቼ ነው?»